አራት መቶ ስልሳ አራት

"ኧረ አንቱ ሰውዬ፣ ድንጋዩ ላይ ምን እየጻፉ ነው?"

ደረሰ ጠመኔውን እንደያዘ ቀና አለ። አስፋልቱ ዳር ከተተከለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ፊት ተንበርክኮ ዝናብ ያጠበውን ቁጥር እየደገመበት ነበር። አራት መቶ ስልሳን ጽፎ አራቷ ስትቀረው ነው የተጮኸበት። የጮኸችው ሴት መጥረጊያ ይዛ ከአጥሯ በር ላይ ቆማለች፤ ድንጋዩ ከአጥሯ አምስት እርምጃ አይርቅም።

"ቁጥሩ ጠፍቶ ነው፤ ፎቶው ላይ እንዲታይ ብዬ" አላት።

ይህን ባይላት ይሻለው ነበር። ከእንጅባራ ዳንግላ ባለው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው፣ ቁጥር የሚጽፍና ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ ሲያይ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው፤ መንገዱ ሊሰፋ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ሴትዮዋ፣ ሽታዬ፣ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ መንገድ ዳር ባለችው ክፍሏ ጨውና ሳሙና እየሸጠች ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። መጥረጊያዋን ጣለችና ጎረቤቶቿን ጠራች።

ደረሰ ግን የመንግሥትም የመንገድም ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ሚስቱ አምሳለ መኪና አይሆንላትም፤ ገና ሞተሩ ሲነሳ ያዞራታል፣ ያስመልሳታል። እሱ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሲመላለስ፣ እሷ ዳንግላን እንኳ በስም ነው የምታውቃት። የእንጅባራ ጎረቤቶቿ በዚህ ሲስቁባት ኖረዋል። ጡረታ በወጣበት ዓመት ልጃቸው ስልክ ሲገዛለት፣ "እንግዲያው መንገዱን ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ" አላት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ በሚኒባስ ይሄድና አንድ ድንጋይ ፎቶ አንስቶላት ይመለሳል። ድንጋይ ብቻውን አይበቃም፤ የጎን ቁጥሩ የሚነበብ አውቶቡስ ከድንጋዩ አጠገብ እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት። ማታ አምሳለ መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን ታነባለች፤ እሱ ያ ቁጥር በየትኛው መስመር እንደሚሠራና የሾፌሩን አመል ይተርክላታል። ለሰው ተናግሮት አያውቅም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ለሚስቱ ድንጋይ ፎቶ ያነሳል ቢባል መሳቂያ ይሆናል። ግን ይወዳታል፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች መሀል ይኸነው የሚባለው፣ ማንም ሳይሾመው የሰፈሩ ጠበቃ የሆነ ረጅም ሰው፣ ስልኩን ተቀብሎ ማገላበጥ ጀመረ። ድንጋይና አውቶቡስ፣ ድንጋይና አውቶቡስ። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

"የየትኛው መሥሪያ ቤት ነዎት?"

"የማንም አይደለሁም። ለሚስቴ ነው የማነሳው።"

ሰዉ ሳቀ። ይኸነው ግን አልሳቀም፤ ዋስ የሚሆን ሰው ካልጠሩ ፎቶው ሁሉ እዚሁ ፊታችን ይጠፋል አለ። ደረሰ ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አሥራ ስምንት ሐሙስ፣ አሥራ ስምንት ድንጋይ፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም፣ እንዴት እንደሚቀመጥም አያውቅም።

"ዋሴ ሚስቴ ናት" አለ።

"ሚስት ለባሏ ዋስ ስትሆን የት አይተዋል?"

"ይደወልላት" አለች ሽታዬ ሳይታሰብ። "የባልን ውሸት ከሚስት በላይ ማን ያውቃል?"

ደረሰ የስልክ ቁጥሩን ነገራት፤ እሷም በራሷ ስልክ ደውላ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አምሳለ ገና ነገሩን ስትሰማ "ወድቆ ነው?" ብላ ጠየቀች። ሽታዬ፣ ደኅና ናቸው፣ ድንጋይ ፎቶ ሲያነሱ ይዘናቸው ነው አለቻት። አምሳለ ሳቀች።

"እንግዲህ ጉዱ ወጣ" አለች። "ለእኔ ነው የሚያነሳው።"

ይኸነው ይህማ ተማክረውበት ሊሆን ይችላል ብሎ አጉረመረመ። ሽታዬም ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆነች፤ ባለፈው ሐሙስ በመጣልዎት ፎቶ ላይ ምን አለ ብላ ጠየቀቻት።

"ስልሳ ሦስቱ ላይ?" አለች አምሳለ። "ሃያ ሰባት ቁጥር፣ የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ያልፋል። ከኋላው ባሕር ዛፍ ሥር አንዲት ቡላ በቅሎ ታስራ ቆማለች። የፊት ቀኝ እግሯን አስቀድማ ጫፉን ብቻ ነው መሬት ያስነካችው። የማን እንደሆነች እንጃ፤ ሰኮናዋን አሟታል። ሳምንቱን ሙሉ ሳስባት ነበር።"

ይኸነው ፎቶውን አወጣው። በቅሎዋ እንደተባለችው ቆማለች። ሽታዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ በቅሎዋ የእሷ ነበረች። ማነከስ ከጀመረች አራት ቀኗ ነው፣ እሷ ግን የቅዳሜ ገበያ ጭነት የጎዳት መስሏት ነበር።

"ምን ላድርጋት እትዬ?" አለች፤ ቤቷንም መንገዱንም ረስታ።

"በፎቶ ምን ይታወቃል እህቴ። በእጄ ብይዘው ነበር። አባቴ የዘንገና ፈረሰኛ ነው፤ ሰኮና ሳይ ነው ያደግሁት።"

"ታዲያ ይምጡልኛ።"

"መኪና አይሆንልኝም።"

"ጋሪስ?"



"በጋሪ ማን ይወስደኛል?" አለች አምሳለ። "የሾፌር ሚስት ነኝ እኮ።"

ደረሰ አንገቱን ደፋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሪ ማለት ለእሱ ጥሩምባ የሚነፋበት፣ ባለቤቱን ከነፈረሱ የሚረግምበት፣ ከመንገድ ካልወጣ የሚያስቆጣው ነገር ነበር። ቤቱ ባደረ ቁጥር እራት ላይ ለእሷ ሲያማቸው የኖረው ባለጋሪዎችን ነው። ፈረስ ላይ ያደገች ሴት ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም ብላዋለች፤ አንድ ቀንም በጋሪ ውሰደኝ አላለችውም። አሥራ ስምንት ድንጋይ ቆጥሮ ይህን አለማየቱ አንገበገበው።

ይኸነው ስልኩን መለሰለትና ይቅርታ ጠየቀው። ሽታዬ ከቤት ውኃ በጣሳ አምጥታ እንዲጠጣ ሰጠችው። ደረሰ ግማሹን ጠጣ፣ በግማሹ ድንጋዩ ላይ የጻፈውን አጥቦ አጠፋው።

"ፎቶውስ?" አለችው። "አሁንማ ያንሱ፣ እኔም ልቁምልዎት።"

በዚያው ቅጽበት ሃያ ሰባት ቁጥር ከእንጅባራ አቅጣጫ ብቅ አለ። ሾፌሩ ያውቀዋልና ጥሩምባ ነፍቶ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ረዳቱም በር ከፍቶ ዳንግላ ድረስ እናድርስዎት አለው። ብርሃኑም የአውቶቡሱ ቁጥርም ለፎቶ ተመችተው ነበር። ደረሰ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም፤ በእጁ ሂዱ ብሎ አሳለፋቸው።

ከአውቶቡሱ ኋላ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ አንድ ባዶ ጋሪ ይመጣል። ደረሰ እጁን አነሳ። ባለጋሪው ፈረሱን ገትቶ አየው፤ ሳያውቀው አልቀረም፣ ፊቱን አልፈታለትም።

"ሐሙስ እንጅባራ መጥተህ እኔንና ባለቤቴን እዚህ ቤት ድረስ ታመጣናለህ?"

"ግማሽ ቀን ይፈጃል እኮ አያ። ለምን በመኪና አትመጡም?"

"ይፍጅ" አለ ደረሰ፤ ወጥቶም ከባለጋሪው ጎን ተቀመጠ። "አሁን እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ ውሰደኝ። እንዴት እንደሚያንገጫግጭ ቀድሜ ልወቀው።"