የበግ አንጎልና የመርሳ ወተት

«ንኪው እስቲ፣ የጀርመን ነው!» አለች ቡርቱካን፣ ማሽኑን እንደ ልጅ እየደባበሰች። ቡርቱካን መርሳ ላይ ወተትና ቅቤ ትነግዳለች። «በቅል ስንጥ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። አሁን በጠርሙሶቹ ሞልቼ ሳዞረው ቅባቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።»

ሉብና ለለቅሶ ከወልድያ ወርዳ እርጎ ልትገዛ ነበር የገባችው። ክዳኑ ላይ ያለውን ስንጥቅ ስታይ ደሟ ፈላ። ስንጥቁን በፕላስተር የለጠፈችው ራሷ ናት። በምትሠራበት የወልድያ ኮሌጅ ላቦራቶሪ ውስጥ የነርቭ ሴሎችን ግሊያ ከሚባሉት ደጋፊዎቻቸው የምትለየው በዚህ ማሽን ነበር። የበግ አንጎል በበረዶ ይዛ ከሥጋ ቤት ትሮጣለች፤ ትከትፈዋለች፤ በኢንዛይም አላልታ በደቃቅ ወንፊት ታጠልለዋለች። ከዚያ ማሽኑ ሲያዞረው ሴሎቹ እንደየክብደታቸው ከላይና ከታች ለየብቻ ይቆማሉ። ማሽኑ ከጠፋ ወዲህ ያለሱ ሞክራ ነበር። ሁሉም እየተደበላለቀ ሞተባት።

«ማነው የሸጠልሽ?»

«አቶ ሀይሉ ናቸዋ፣ የኮሌጁ! ያኔ ታጣቂዎቹ ከተማውን ይዘው እያሉ በጋሪ ጭነው አመጡት።»

ወይ ጉድ! ሀይሉ እኮ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው። ታጣቂዎቹ በወጡ ሰሞን፣ ስብሰባ ላይ እንባውን እያፈሰሰ «ለዘራፊዎቹ በሩን የከፈተው ዘበኛው ነው» ብሎ የመሰከረው እሱ ነው። ዘበኛው ደግሞ የሉብና አባት ናቸው፣ ጋሽ ጁነይድ። ታሰሩ፣ ከሥራ ተባረሩ። ተፈትተው ሲመጡ መስጊዱ በር ላይ ሰላምታቸውን የሚመልስ ጠፋ። አሁን ለጁምዓ እንኳ ከቤት አይወጡም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሳቸው ግን እስኪጠራ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ከረሙ።

ሉብና እዚያው ቆማ ለሀይሉ ደወለች። «ሴል መለያችን መርሳ ላይ ቅቤ ሲያወጣ አየሁት» አለችው። ሲደነግጥ ሰምታ ደስ እያላት ዘጋችበት፤ ምን ይደበቃል!

በማግስቱ ሀይሉ ሽማግሌዎች አስከትሎ እነሉብና ቤት መጣ፤ ገና ከመግባቱ ጋሽ ጁነይድ እግር ላይ ወደቀ።

«ልጆቼ በረሃብ ሊያልቁብኝ ነበር፣ ጋሼ። ባንክ ዝግ፣ ደሞዝ የለ። በማርያም ይማሩኝ።»

«ለልጆችህ ብለህ መሸጥህ ባልከፋኝ» አለች ሉብና። «አባቴ ላይ ለምን መሰከርክ?»

«ፈርቼ ነው። ማሽኑን ዛሬውኑ አስመልሳለሁ፤ ሥራሽን ትቀጥያለሽ። ፖሊስ እጅ ከገባ ግን ኤግዚቢት ተብሎ መጋዘን ውስጥ ዝጎ ይቀራል።»

እውነቱን ነው፤ ይበልጥ ያንገበገባትም እሱ ነው። ሌላ ማሽን የሚገዛላት የለም። እሱ ከቀረ ምርምሯም አብሮ ቀረ።

«ነገሩ እዚሁ ይሸፈን፣ ልጄ» አሉ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ሼህ አብዱልሐሊም። «ጦርነት ስንቱን አሳበደ። ሰው ሳይሰማ እንታረቅ።»

«ውሸቱን አገር ሰምቶት የለ፣ ሼህ! እውነቱ ለምን በሹክሹክታ ይሆናል?»

«ሉብና!» አሉ አባቷ። «ሽማግሌ አይመለስም።»

«ይመለሳል! አባባ፣ አንቱ አንገትዎን እንደደፉ እሱም ሰው ፊት ይድፋ። ያን ሳላይ አንጀቴ አይርስም!»

ሼህ አብዱልሐሊም ያልሰሙ መስለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ዱዓ ተደርጎ አሚን ከተባለ በኋላ ክስ የለም፤ ይህን ሀይሉም ያውቃል።

«ያ አላህ፣ ልባቸውን አስማማልን...»

ሀይሉ ፈጥኖ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ጁነይድም እጆቻቸውን ቀስ ብለው ከፈቱ። ሉብና ተነሥታ አባቷ ፊት ተንበረከከች፤ ሁለቱን መዳፎቻቸውን አጥፋ በእጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻቸው።

«አባቴ አሚን አይሉም» አለች። «ይነሡ አባባ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን።»