ሙሽራዋ አልሳቀችም

ፎቶው ውስጥ አንገቴን ደፍቻለሁ።

ካባ ለብሻለሁ፣ አንገቴን ደፍቻለሁ። ባሌ ናሁሠናይ አጠገቤ ቆሟል፣ በመሃላችን አንድ ስንዝር አለ፣ አንገቴን ደፍቻለሁ። ከኋላዬ አባቴ በኩታው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል... ልጁን የሚድር አባት እንደሚያደርገው።

እንዲህ ነው በእኛ በደብረ ታቦር። ሙሽራ አትስቅም። ከሳቀች፣ ከአባቷ ቤት ለመውጣት ቸኩላ ነበር ይሏታል፤ እናቷንም አብረው ያሟታል። ልቤ ግን ይስቅ ነበር፣ ያን ቀን። ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን ሰው ነው ያገባሁት። ልቤ ይስቅ ነበር... ማን ሊያየው።

ጥር አለቀ፣ ናሁሠናይም ወደሚኖርበት ወደ ብርዱ አገር ተመለሰ። ፓስፖርቱ የዚያ አገር ነው። እኔ ለዚያ አገር ባዕድ ነኝ፤ ባዕድ ሚስት ደግሞ ባሏ ዘንድ የምትደርሰው በማስረጃ ነው።

ማስረጃ ሰበሰብሁ። የጋብቻ ወረቀቱን፣ የልደቱን፣ የሰርጉን ፎቶ። በስልክ የተጻጻፍነው ሁሉ ተተረጎመ፣ ማኅተም ተመታበት። «በላሽ ወይ?» ያለኝ ሳይቀር ማኅተም አለው። የማላውቀው ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦታል፣ «አንተስ በላህ?» ያልሁትንም አንብቦታል።

ከስድስት ወር በኋላ ከኤምባሲው መልስ መጣ። አንድ ገጽ ናት። በፎቶው ላይ ሙሽራዋ ደስተኛ አትመስልም፣ አባቷ ያለቅሳሉ፣ ጋብቻው በፈቃዷ ስለመሆኑ አላመንንም፣ ትላለች።

አንገቴን ስለደፋሁ። አባቴ ስላለቀሰ።

ባሕር ዳር ቢሮ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ሲሳይ የሚሉት፣ ወረቀቷን አንብቦ ሳቀ። ይኼማ ቀላል ነው አለ። ባልሽ ለእረፍት ሲመጣ ስቱዲዮ ገብታችሁ የሌላ ድግስ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ማመልከቻውን እንደ አዲስ እናስገባለን። እሱ ዘንድ ስንቱ የውሸት ባልና ሚስት ተቃቅፎ ተነስቶ፣ በአንድ ጊዜ አልፏል። እኛ እውነተኞቹ ወደቅን።

እንደገና ተዳርሁ፣ በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም።

ቬሎው የኪራይ ነው፤ ብብቱ የሌላ ሴት ላብ ይሸታል። ኬኩ ካርቶን ነው፣ በላዩ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ሣቂ ተባልሁ፣ ሣቅሁ። ናሁሠናይ ሳመኝ፣ በሰው ፊት፣ በአባቴ ፊት። መብራቱ አልያዘም፣ ድገሙት ተባልን፤ ደገምነው። አምስት ጊዜ ደገምነው... በአምስተኛው ከንፈሩ ከንፈር አልመሰለኝም።

ከዚያ ሲሳይ ወደ አባቴ ዞረ።

«አባታችን፣ ጥርስዎ ይታይ።»

አባቴ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ሲዋሽ አይቼው አላውቅም። ኩታውን አስተካክሎ ጠየቀ።

«ይኸ ነው የሚያሻግራት?»

«ይኸው ነው።»

አባቴም ሣቀ። የማላውቀው ሣቅ ነበር... እስከ ድዱ ድረስ። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ሁሉ አፉን በኩታው ሸፍኖ ሄደ።

ቪዛው በሁለት ወር መጣ።

ብርዱ አገር ደረስሁ። ናሁሠናይ በሩን ከፈተልኝ፣ ደስታው ከፊቱ ይፈስ ነበር። ግድግዳው ላይ፣ ከሶፋው በላይ፣ የስቱዲዮውን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ ሰቅሎታል። የካባውስ ፎቶ የት አለ አልሁት። ትከሻዬን አቀፈኝ።

«ይኼኛው ይሻላል። በዚያኛው እኮ ያኮረፍሽ ትመስያለሽ።»

እሱም።

ስንዝር ርቆ አብሮኝ የቆመው ሰው፣ ልቤ ሲስቅ አጠገቤ የነበረው ሰው... እሱም።

ፎቶው ውስጥ ሥቄያለሁ። ቬሎ ለብሻለሁ፣ ሥቄያለሁ። በመሃላችን ያቺ ስንዝር የለችም፣ ሥቄያለሁ። ከኋላዬ የአባቴ ጥርስ ይታያል።

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ ፎቶው ፊት እንደቆምሁ፣ አንገቴን ደፋሁ።