ጠላ የሌለበት ማኅበር

ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ የምንሰበሰበው ታቦር ሰፈር ካለው ቤቴ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ቢመጡብን «የማርያም ማኅበር ነው» ልንል ተስማምተናል፤ የኦርቶዶክሶቹን ማኅበር ብዙም አይነኩትም ነበርና። እኔ ግን ልቤ መቼ ያርፋል! ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ጸሐይወርቅ የማርያምን ሥዕል ተውሼ ሰቀልኩ፤ ድፎ ዳቦ ደፋሁ፤ ሴቶቹን ሁሉ ነጠላ መስቀለኛ አስለበስኳቸው።

ታቢታ፣ የሟች ልጄ ልጅ፣ ሳቀችብኝ። ያለችኝ እሷው ብቻ ናት።

«እማዬ፣ እንግሊዞች ስለ ጥቃቅን ነገር አንድ አባባል አላቸው። የተለፋበት ሥራ የሚበላሸው ሰው በናቃት በትንሿ ነገር በኩል ነው ለማለት ነው። አስተማሪያችን ዐረፍተ ነገር ሥሩበት ሲለን፣ እኔ ስለ አንቺ ጻፍኩ!»

«ሳቂ አንቺ! ጠላውስ?» አልኳት። «ጠላ የሌለበት ማኅበር ማን አየ?»

ሽማግሌያችንን አቶ ወልደአማኑኤልን ለመንኳቸው። «አንዲት እንስራ ብቻ፣ ለዓይን። ማንም አይቀምሳትም።»

«በሚጸለይበት ቤት አልኮል? ለማስመሰልም ቢሆን አይገባም» አሉኝ። «የማያሰክረውን ቀሪቦ ይጥመቁ። በመልክ ማን ይለየዋል?»

እሺ ብዬ ጠመቅሁ።

አንድ እሑድ የአብዮት ጥበቃው ሸዋንግዛው ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ገባ። መዝሙር ታስጀምር የነበረችው ታቢታ ጭጭ አለች። ሥዕሉን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ነጠላችንን አየ። ፊቱ ፈታ አለ።

«ማኅበር ነው እንዴ? ይቅርታ እናቶቼ። የእኔም እናት የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች።»

ሊወጣ ሲል ነፍሴ መለስ አለች። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ።

«ኧረ ማኅበር ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ነውር ነው! ቅጂልኝ እስቲ» አላት ታቢታን።

እኔ ልቅዳ ብዬ ስነሣ ቀድማኝ ሰጠችው። ተጎነጨ። ጣሳውን አሸተተ።

«ቀሪቦ? የማርያም ማኅበር ነው የሕፃን ልደት?» ወደ ታቢታ ዞረ። «ጴንጤዎች! ከውጭ የሰማሁት ድምፅ ያንቺ ነው አይደል? ነይ ውጪ።»

«የጠመቅሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ውሰደኝ!» ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«እርስዎ ምን ያደርጉልኛል፣ እማማ?»

አቶ ወልደአማኑኤል «መሪው እኔ ነኝ» ቢሉ ሁለቱንም ወሰዷቸው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ለታቢታ ምሳ ይዤ ከመናኸሪያ በላይ ወዳለው እስር ቤት እሄዳለሁ። ማየት ክልክል ነው። ዘበኛው ሳህኑን ተቀብሎኝ ይገባና ባዶውን ይመልስልኛል። በላችልኝ እያልኩ ጌታን አመሰግናለሁ፤ ዘበኛው «አቅሯታል» ሲለኝ ደግሞ በርበሬውን እቀንሳለሁ።

ዛሬ አቶ ወልደአማኑኤል ተፈትተው መጡ። ከስተዋል። ደጃፌ ላይ ቆመው ዓይኔን ማየት አቃታቸው።

«ታቢታስ?» አልኳቸው።

«በገባን ዕለት ለይተው በመኪና ወሰዷት። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ እዚያ ግቢ አልነበረችም።»

«እንዴት አልነበረችም? ምሳዋን ትበላ የለም እንዴ?»

ጠጋ አልኳቸው።

«አቶ ወልደአማኑኤል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ምሳዋን ማን ነው የበላው?»

እኔ ሳህኑን በእጄ ይዣለሁ፤ የዛሬውም ባዶውን ነው የተመለሰው።