ሽቦው ያዳነው እጅ

ከዓለም ጤና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከሽንኩርቱ ማሳ ጥግ፣ ከሬዲዮ ማሰራጫው ምሰሶ ሥር እንኖራለን። ባሌ ጃዕፈር የምሰሶው ዘበኛ ነው፤ ቤቱም በነጻ የተሰጠን ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ ሁሉን ሲያስተኛ፣ የጣራችን ቆርቆሮ በቀስታ የሬዲዮውን ዜና ያወራል። ወላሂ አልቀለድኩም! እንቅልፍ ይዞኝ ሲሄድ ዜናው ዘፈን ይሆንና፣ ምሰሶው ከነአልጋዬ ወደ ላይ የሚወስደኝ ይመስለኛል።

እዚህ ቤት ከገባን ሁለት ጽንስ ወረደብኝ። ሦስተኛው ሰባት ወር ሞልቶታል። ምሰሶው ይሆን ወይ ብዬ ጤና ጣቢያ ብጠይቅ «በእርግጠኝነት የሚታወቅ ነገር የለም» አሉኝ። እስኪታወቅ እኔ እዚህ ልቀመጥ? «እንውጣ» እያልኩ ጃዕፈርን ስጨቀጭቀው ከረምኩ። እሱ እቴ! «እናቴን ያዳናት ቦታ ነው» ይላል።

አማቴ እማማ ሑስና ስኳር አለባቸው፤ እጃቸውንም ሲቆረጥማቸው ሶደሬ ፍልውሃ ሲመላለሱ ኖረዋል። እኛ ዘንድ መጥተው የግቢውን አጥር ሲነኩ፣ ሽቦው ነዘር አደረጋቸውና ሌላ ፍልውሃ ያገኙ መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቢስሚላህ ብለው ይጨብጡታል። ቁርጥማቱም ጠፋ። ሰፈርተኛው ሁሉ ጉልበቱንና ወገቡን ይዞ ይመጣ ጀመር።

ትናንት ጣራው ሲያንጎራጉር በሕልሜ ይሁን በእውኔ ሳልለይ ተነስቼ ወጣሁ። እማማ አጥሩን ጨብጠው ፈገግ አሉልኝ።

«ነይ ልጄ፣ ሆድሽን አስጠጊው። ይሄኛው እንዲጸናልሽ ነው። አብሽሪ፣ አያምም።»

ሥጋ ሲቃጠል ሸተተኝ። ሮጬ እጃቸውን መነጨቅኩት። ሽቦው ያረፈበት ቀኝ መዳፋቸው ነጥቶ ተልጧል።

«ኧረ አያምም አልኩሽ!» ብለው ሳቁብኝ።

«አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም?» ብዬ ድምፅ ሰምቶ በመጣው ጃዕፈር ላይ ጮህኩበት።

«እማዬ ድናለች እኮ» አለኝ።

ልመልስለት ስል ልጁ በኃይል ረገጠኝ። ንዴቴ ብን ብሎ ጠፋ፤ እንዴት ደስ አለኝ! የእማማን ግራ እጅ ስቤ ሆዴ ላይ አደረግኩት። ልጁ ደገመው፤ ቀሚሴ ሳይቀር ተንቀሳቀሰ።

«ተሰማዎት?»

«ምኑ?»

«ይኸው፣ ከእጅዎ ሥር!»

እማማ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን አዩት። ጫን አደረጉት፣ ላላ አደረጉት፣ እንደገና ጫን። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ከሪማ፣ የት ነው?» አሉኝ።

እጃቸውን ያደነዘዘው ስኳሩ ይሁን ሽቦው፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ጃዕፈር ቆሞ ያይ ነበር። ቤት ገባና ፍራሹን መጠቅለል ጀመረ።