አንወድቅም ያሉት ሟቾች

በፊልም ላይ ጀግናው ሰይፉን ሲመዝ የምታጨበጭቡ ሰዎች፣ ከፊቱ የሚወድቀውን ሰው ስም ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ኢሶቤ ይባላል። ጃፓን፣ ኪዮቶ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ በሰይፍ እየተቆረጠ ፀጉሩ ሸብቷል። እናቱ በየአዲስ ዓመቱ ሲኒማ ገብታ ልጇ ሲሞት ታያለች። አምና ሲወጡ፣ «እኔ ሳልሞት አንዴ እንኳ ኖረህ ልይህ» አለችው።

ዘንድሮ ዳይሬክተሩ ሺራኪ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቃል ገባለት፤ በመሳፍንቱ ግብር ተማርሮ የሚያምፅ ገበሬ ሆኖ ይጫወታል፣ ከእልቂቱም ተርፎ ወደ ሩዝ ማሳው ይመለሳል። ኢሶቤ ለእናቱ ነገራት። እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ።

በቀረጻው ቀን የመሳፍንቱን ሰይፈኛ፣ ሳሙራዩን የሚጫወተው ካጋሚ፣ ፊልሙ የሚሸጥበት ስም፣ ፊቱን አኮሳተረ። «ከእኔ ሰይፍ የሚተርፍ ገበሬ? መሳቂያ ልታደርጉኝ ነው?»

ሺራኪ አቀረቀረ። «እሺ፣ ይሙት።»

ስለ ጌቶች ግፍ ፊልም የሚሠራ ሰው በገዛ ደጁ ላለው ጌታ እንዲህ ይንበረከካል። ይህን ዓይነቱን የተማረ ፈሪ የት አገር አጣነው?

«ለእናቴ ምን ልበላት?» አለ ኢሶቤ።

«አመል ሆኖብኝ ዘንድሮም ሞትኩ በላታ፣ ጋሼ» አለው አብሮት የሚሞተው ኦኩዴራ።

እንደ እነሱ በሰይፍ ለመውደቅ የተቀጠሩት ሟቾች ሁሉ ሳቁ፤ ኢሶቤም ሳቀ። ከዚያ፣ «ቆይ፣ ለምንድን ነው የምንወድቅለት?» አለ።

ሰይፉ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ቀርከሃ ነው። ስለት የሚሆነው ወገቡን ሰብሮ፣ ዓይኑን ገልብጦ የሚወድቅ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ካሜራው ሥራ ጀመረ። ካጋሚ ኦኩዴራን ቆረጠው። ኦኩዴራ ቆሞ አየው። ቀጣዩን ሰነዘረበት፤ ሰውየው ትከሻውን አከከ። ሌላው፣ «ይቅርታ፣ እኔን ነው?» አለ። ታላቁ ካጋሚ ዝንብ የሚያባርር መሰለ። መብራት ያዡ ሳቁ አመለጠው።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ ሺራኪ።

«ምንም አልሆንንም። ካጋሚም የተቸገረው በዚሁ ነው» አለ ኦኩዴራ።

ሺራኪ ካጋሚን ትቶ የቆሙትን ሟቾች አንድ በአንድ ያይ ጀመር። ለካ እነዚህን ፊቶች ወድቀው እንጂ ቆመው አይቷቸው አያውቅም። ሊናገር ሲል ካጋሚ ክንዱን ይዞ ወደ ጓዳ ሳበው።

ኢሶቤ መንገዳቸው ላይ ቆመ፤ እንደ ወጉ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፣ ከዚያም ቀና አለ።

«ጓዳ አይግቡ፣ ዳይሬክተር። ቃል የገቡልኝ በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው። አሁንም እዚሁ፣ እሱም እነሱም እየሰሙ ይመልሱልኝ፤ ገበሬው ይኖራል ወይስ ይሞታል?»