እኚህን እናት የሚያውቅ አለ?

፩

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለባት።

ሦስተኛው ከመጣ ከአዳራሹ ትወጣለች፤ የወጣ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ የተከበሩ ወይዘሮ ስመኝ ካሳው፣ የምክር ቤት አባል፣ ከምሳ በኋላ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ደብቃ ተቀምጣለች። ምላሷንም ብትችል እዚያው ትደብቀው ነበር።

፪

የማስጠንቀቂያዎቹ ምክንያት፦

የመጀመሪያው፣ ጠረጴዛ በመደብደብ።

ሁለተኛው፣ የተከበሩ አቶ ጌራወርቅን «አንተ» በማለት።

(መደብደብ የተባለው ተጋኖ ነው፤ በእስክሪብቶ ነው መታ መታ ያደረገችው። «አንተ» ግን ብላዋለች። እኔም ብሆን እለው ነበር።)

፫

የተከበሩ አንባቢ፣ በዚህ ቤት ሰውን ሳያከብሩ መናገር ስለማይፈቀድ እኔም እርስዎን እንዲሁ እጠራለሁ። የምክር ቤቱን ስም አልነግርዎትም። የሚጨቃጨቁበት ረቂቅ ግን አጭር ነው፦ መታወቂያ የሌለው አይመርጥም።

እስካሁን አንቀጽ ዘጠኝ የሚባል መተንፈሻ ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው «እናውቀዋለን» የሚሉ ሦስት ባለመታወቂያ ሰዎች ካቀረበ ይመዘገባል። ረቂቁ ይህን አንቀጽ ይሰርዛል።

ባለፈው ክረምት ወንዙ ሰንበሌጥ የምትባለውን ቀበሌ ጠራርጎ ወሰዳት፤ ከነጽሕፈት ቤቷ፣ ከነመዝገቧ፣ ከነማኅተሟ። ሰዉ ከከተማው ጫፍ ሸራ ወጥሮ ተቀመጠ። አዲስ መታወቂያ ሲጠይቅ «ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ አጽፋችሁ አምጡ» ይሉታል።

ከወንዙ?

ሸራዎቹ ይነሡ ወይስ ለሰዉ ቦታ ይሰጠው የሚለውን የሚወስኑት ዘንድሮ የሚመረጡት ሰዎች ናቸው። ድምፅ የሌለው ሰው ደጅ ደግሞ ማንም ተመራጭ አይደርስም። ከሸራዎቹ በአንዱ ሥር የስመኝ እናት፣ እማማ ደብሬ፣ ይኖራሉ። ልጃቸው ቤቴ ግቢ ብትላቸው «ሰዉን ጥዬ?» ብለው እምቢ ያሉ ሴት ናቸው።

፬

ጠዋት በየቢሮው ድምፁ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ስመኝ ካለች አንቀጽ ዘጠኝ በአንድ ድምፅ ብልጫ ይተርፋል። ከሌለች እኩል ይሆናል፤ እኩል ሲሆን አፈ ጉባኤው ይወስናሉ። አፈ ጉባኤው የማን ወገን እንደሆኑ ሕፃንም ያውቃል።

፭

አቶ ጌራወርቅ፦ ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የተከበሩ ወይዘሮ ስመኝን በጣም ነው የማከብራቸው። እንደ እህቴ ነው የማያቸው። ግን ሰው አፉን ሞልቶ «አውቀዋለሁ» ስላለ ብቻ እንመን? ነገ አንዱ ከየትም መጥቶ ሦስት ጓደኛ ቢያቆምስ?

ወይዘሮ ስመኝ፦

(ጥያቄው ባዶ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፤ ባለፈው ምርጫ አንድ ሰው በሁለት ጣቢያ መርጧል ተብሎ ተወርቷል።)

አቶ ጌራወርቅ፦ በሸራ ውስጥ ላሉት ወገኖቻችን እናዝናለን። ግን ማን ናቸው? እኔ በበኩሌ አንዳቸውንም አላውቅም።

፮

ውሸት።

ጌራወርቅ የሰንበሌጥ ልጅ ነው። እናቱ ሆስፒታል በተኛችበት ዓመት እማማ ደብሬ ቤት ነው የከረመው፤ ከስመኝ ጋር በአንድ ትሪ እየበላ፣ በአንድ ጋቢ እየተኛ።

ስመኝ ከንፈሯን ነከሰች። አንድ ቃል ብትናገር እንደማታቆም ታውቃለች።

፯

እማማ ደብሬ ግን ማስጠንቀቂያ የለባቸውም።

ከላይ ከእንግዶቹ ወንበር ተነሡ። ጠዋት በሩ ላይ ጥበቃው መታወቂያ ሲጠይቃቸው ስመኝ «እናቴ ናት» አለችው፤ እሱም «እርስዎ ካሉማ» ብሎ አሳለፋቸው። ከጥበቃው በቀር ማን እንዳስገባቸው ያየ የለም።

«አንተ ገሬ!» አሉ። «አላውቅም ነው ያልከው? ኩፍኝ ይዞህ ስታለቅስ ያዘልኩህ እኔ ማን ነኝ? እስቲ ቀና ብለህ እየኝ!»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ሳቀ። ጌራወርቅ ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር።

፰

የሥነ ሥርዓት ደንቡ እንዲህ ይላል፦ እንግዳ ሥርዓት ከጣሰ ያስገባው አባል ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

አፈ ጉባኤው፦ ጸጥታ! እኚህን እናት የሚያውቅ አባል አለ?

፱

እዚህ ላይ ላቁምዎት።

እስቲ እርስዎ ስመኝን ይሁኑ። «አውቃታለሁ» ይበሉ፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ይወጣሉ፣ አንቀጽ ዘጠኝም አብሮዎት ይወጣል። ከሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ የሌለ ሰው ይሆናል። ዝም ይበሉ፤ አንቀጹ ይተርፋል።

ሰው ስለሚያውቀው ሰው መመስከሩ ይበቃል የሚለውን ሕግ ለማዳን እናቷን አውቃለሁ ማለት የለባትም። ይህን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ ሰርዤ ጻፍኩት፤ የሚቀልልበት አጻጻፍ አጣሁለት።

፲

አፈ ጉባኤው፦ ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። እኚህን እናት የሚያውቅ አለ?

እማማ ደብሬ ጌራወርቅን ተዉት። ዓይናቸው ልጃቸውን ፈልጎ አገኛት። በስሟ አልጠሯትም፤ ጠበቁ።

ስመኝ ፊቷ ያለውን የውሃ ጠርሙስ አየች። ክዳኑ ሰማያዊ ነው።

አፈ ጉባኤው፦ የለም?




የለም።

፲፩

ማንም አልገፋቸውም። ሁለት ጥበቃዎች ክንዳቸውን ይዘው «እናቴ፣ በዚህ በኩል» እያሉ በትሕትና አስወጧቸው። ነጠላቸው ወንበሩ ላይ ቀረ።

፲፪

ውጤት፦ አንቀጽ ዘጠኝ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተረፈ።

አፈ ጉባኤው አባላቱን ከሰዓት በኋላ ስላሳዩት ጨዋነት አመሰገኑ። ጌራወርቅ መጥቶ ስመኝን ጨበጣት። እጁ ላብ በላብ ነበር፤ የሷም እንደዚያው።

፲፫

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ደብሬ የልጃቸውን ስልክ አላነሡም። ሸራው ድረስ ስትሄድ ጎረቤት «ተኝተዋል» ይላታል። በጠራራ ፀሐይ።

፲፬

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን። ቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝጋቢ፣ ረጅም ሰልፍ።

በሸራው መንደር መታወቂያቸው ከጎርፍ የተረፈላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አቶ ይመርና ወይዘሮ ከድጃ። ጠዋት ሙሉ ለሰዉ ሁሉ ሲፈርሙ እጃቸው ዝሏል። ሦስተኛውን ምስክር እያንዳንዱ ከከተማ ለምኖ ማምጣት አለበት። እማማ ደብሬ ማንንም አልለመኑም። ሁለቱን ይዘው ቆመዋል።

«ሦስተኛ ምስክር?» አለ መዝጋቢው።

«እኔ አለሁ» አለች ስመኝ ከኋላ። በአንድ እጇ መታወቂያዋን፣ በሌላው ታጥቦ የታጠፈ ነጠላ ይዛለች። «አውቃታለሁ። እናቴ ናት።»

እማማ ደብሬ ዞር አላሉም።

«እማዬ፣ ለሰዉ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ ጠረጴዛውን እያዩ። «ደግ አደረገች ብያለሁ። ሰዉም ይመርቅሻል። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«እማዬ፣ ስሞትልሽ! ቀኑ ዛሬ ያልቃል። ካልተመዘገብሽ ለምን ዝም አልኩ? ለምን?» በአዳራሹ ያፈነችው ሁሉ እዚህ፣ ሰልፈኛው ፊት፣ ወጣ። ጠረጴዛውንም መታች፤ አሁን በእውነት መታችው።

ማንም ማስጠንቀቂያ አልሰጣትም።

መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ግራ ገባው። ደንቡ ምስክሩና ተመዝጋቢው እንዲተዋወቁ ያዝዛል፤ መጠየቅ አለበት። እስክሪብቶውን አንሥቶ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለ።

፲፭

የተከበሩ አንባቢ፣ ሁለቱንም እስካሁን አውቀዋቸዋል። እኔ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

መዝጋቢው፦ እማማ፣ እኚህን ሴት ያውቋቸዋል?

እማማ ደብሬ፦ «                                        »