የጦር ሰፈሩ ልብስ አጣቢ

ወዳጆቼ፣ እስቲ አንዴ ቁጭ በሉና የያለምዘውድን ነገር ላጫውታችሁ።

ያለምዘውድ ኦክላንድ ውስጥ አረጋውያን እየተንከባከበች የምትኖር፣ ቲያትር ቤት ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት። ልጇ ሚክያስ ግን ሳን ሆዜ ኮምፒውተር ላይ ይውልና ከሥራ ሲወጣ ያለ ክፍያ፣ ለቲያትር ፍቅር ብለው ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ቲያትር ይለማመዳል። ቸርች ከተወ ቆይቷል። እጇን ጭና ልትጸልይለት ስትል "እማ፣ ፕሊስ፣ አይ አም ጉድ" ይልና ሾልኮ ይወጣል። እሷን የሚያንገበግባት ይሄ ነበር።

አንድ ቀን ራሱ ደወለ።

"እማ፣ አንዷ ተዋናይ ታመመችብን። አንቺ ግቢልኝ።"

"እኔ? ደህና ነህ ግን?"

"ስሚኝ። ድሮ እንግሊዞች ሰው አገር ገብተው የጦር ሰፈር ሠርተዋል። ወታደሮቹ ሲሰለቻቸው ቲያትር ያዘጋጃሉ። ሴት ሲጠፋ ልብስ አጣቢያቸውን መድረክ ላይ አወጧት። አንቺ እሷን ሆነሽ ትጫወቻለሽ፤ እኔ ከወታደሮቹ አንዱ ነኝ። በቲያትራቸው ውስጥ እናቴ ሆነሽ ወደ ጦርነት ስትሸኚኝ ትመርቂኛለሽ።"

"ሰው አገር የገባ ወታደር ነው የምመርቀው?"

"እሺ፣ እኔን መርቂኝ።"

"በጨዋታ አልጸልይም። ከጸለይኩ የምሬን ነው፤ ጌታ ፊት አላስመስልም።"

ሚክያስ ሳቀ። "በአማርኛም በይው። ብቻ ከበሮው ሲመታ ሳትጨርሺ ተነስቼ እሮጣለሁ። እጅሽ አየር ላይ ይቀራል።"

"እሱንስ ለምጄዋለሁ" አለችው።

ቀኑ ደረሰ። የቸርች እህቶች አንድ ረድፍ ሞልተው ተቀመጡ። ያለምዘውድ ሽርጧን አስራ እየፈራች ወጣች። ሚክያስ በቀይ ኮቱ ፊቷ ተንበረከከ። እጇን ጸጉሩ ላይ ስታሳርፍ ፍርሃቱ ለቀቃት።

"ጌታ ሆይ፣ ይሄን ልጅ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። በሄደበት ሁሉ አትለየው..."

"አሜን!" አለች ከእህቶቹ አንዷ የሺሃረግ፣ ቲያትር መሆኑን ረስታ። ረድፉ በሙሉ ተከተላት። ፈረንጆቹ የተውኔቱ ክፍል መሰላቸው።

ከበሮው ተመታ። ሚክያስ አልተነሳም። መቺው ግራ ገብቶት ደገመው።

"ተመታ እኮ፣ ሂድ" አለችው በሹክሹክታ።

"ጨርሺ፣ እማ" አላት፣ ቀና ሳይል።

ጨረሰች።

ሚክያስ ቸርች ተመለሰ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ገና ነው። ያለምዘውድ ግን ጌታን አመስግና አትጠግብም። ስሟን የማታውቃትን ያቺን የድሮ ልብስ አጣቢም ታመሰግናለች። "እሷ መድረክ ላይ ለመውጣት ባትደፍር፣ እኔ ልጄን የት አገኘው ነበር?" ትላለች።

እባካችሁ፣ ዛሬ ስትጸልዩ ሚክያስን በስሙ አንሱልን።